የቤት ውስጥ ኩርፊያና ጤናችን

 

ጤና ሲባል ለአብዛኞቻችን የሚታወሰን ጨጓራ፣ ደም ግፊት፣ ስኳርና ወባ ነው። ባልና ሚስት ተኮራርፈው ሳምንት መክረማቸው ግን የጤና ጉዳይ መስሎ አይታየንም። «የቤት ጉዳይ ነው፣ ሽማግሌ ይየው» ተብሎ ይታለፋል። በዛሬው ዓምዳችን ይህንኑ የቤት ጉዳይ ከጤናና ከአመጋገብ አንጻር አብረን እናየዋለን። ምሳሌያችንን የምንወስደው ከቡና አገር ከቦንጋ ነው። ለምን ቦንጋ እንዳልን ወረድ ስትሉ ይገባችኋል።

እስቲ በቦንጋ ከተማ ያለ አንድ ቤት አስቡ። ባልየው ቡናና ኮረሪማ ይነግዳል። በቡና ለቀማው ወራት ከጊምቦ ወደ ጨና፣ ከጨና ወደ ቦንጋ ሲመላለስ ይከርማል። ሚስትየው ልጆች ታሳድጋለች፣ ቤቱን ታስተዳድራለች። የተጋቡት ተፈቃቅደው ነው፤ ኒካሕ ከመታሰሩ በፊት ቤተሰብም ተማክሯል፣ እነሱም ተጠያይቀዋል። በቤቱ ድብደባ የለም፣ ስድብ የለም፣ አስቤዛም አይጓደልም። ነገር ግን ማታ ሲገናኙ ወሬያቸው የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ፣ ያልተመለሰ ዱቤና የነገ ወጪ ነው። ይህ ሲያልቅ እሱ ስልኩን ይከፍታል፣ እሷ ጀርባዋን ሰጥታ ትተኛለች። «ምን ጎደለሽ?» ብትሏት የምትመልሰው የላትም። ጤና ጣቢያ ስትሄድ ግን «ራሴን ያቃጥለኛል፣ ልቤን ያፍነኛል፣ እንቅልፍ የለኝም» ትላለች። የጨጓራ መድኃኒት ተሰጥቷት ትመለሳለች።

ይህ ቤት ለምሳሌ ያነሳነው እንጂ የማንም ቤት አይደለም። ቢሆንም እንዲህ ያለ ቤት የማያውቅ አንባቢ ይኖራል ብለን አናምንም።

በአሜሪካ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ተመራማሪ የነበሩት ጆን ጎትማን አዲስ ተጋቢዎችን እንደ መኖሪያ ቤት በተዘጋጀ ስፍራ እያሳደሩ በካሜራ ይከታተሏቸው ነበር። ያጠኑት ጠባቸውን ብቻ አይደለም። አንዱ ሌላውን በጥቃቅን ነገር «ሲጠራው» ምን ዓይነት ምላሽ እንደሚያገኝም ቆጠሩ። ጥሪ ያልነው ትልቅ ነገር አይደለም። ሚስት በመስኮት እያየች «ዛሬ ዝናቡ ጉድ ነው እኮ» ትላለች። ባል ቀና ብሎ «እውነትሽን ነው፣ ልጆቹ እንዴት ሊመጡ ነው?» ሊል ይችላል፤ ሰምቶ እንዳልሰማም ሊሆን ይችላል፤ «ዝም በይ እስቲ፣ ሥራ ላይ ነኝ» ሊልም ይችላል። ከስድስት ዓመት በኋላ ሲታይ በትዳራቸው የጸኑት ከ100 ጥሪ ለ86ቱ ያህል መልስ ሲሰጡ የነበሩት ሆነው ተገኙ። የተፋቱት ግን መልስ የሰጡት ለ33ቱ ብቻ ነበር።

ከፋን የሚያውቅ ሰው እንደሚያውቀው ቦንጋ ላይ «ዘነበ» ማለት ወሬ አይደለም፤ ዝናቡ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ አይጠፋም። ታዲያ ሴትየዋ ስለ ዝናብ ልትነግረው ፈልጋ አይደለም፤ «አለህ ወይ?» ማለቷ ነው። ባልም እንዲሁ ነው። «ዛሬ ገበያው ቀዝቃዛ ነበር» ብሎ ሲገባ የሂሳብ ሪፖርት ማቅረቡ ሳይሆን ድካሙን የሚጋራው መፈለጉ ነው። ለዚህ «ታዲያ የልጆቹን ክፍያ በምን ልንከፍል ነው?» የሚል መልስ ከሰጠነው ሁለተኛ አይነግረንም። ወንዶቻችን ዝምተኞች ናቸው ይባላል፤ እኛ ግን ከዝምተኞቹ ብዙዎቹ መናገር ጀምረው የተዉ ይመስሉናል።

ይህ ሁሉ ከሰውነት ጤና ጋር ምን አገናኘው ትሉ ይሆናል። ሰው በጠብ ወይም በጭንቀት ውስጥ ሲሆን ሰውነቱ ኮርቲሶልን የመሳሰሉ የጭንቀት ሆርሞኖችን ያመነጫል። ይህ ለአጭር ጊዜ ከሆነ አይጎዳም፤ ሳምንታትና ወራት ሲዘልቅ ግን እንቅልፍን ይነሳል፣ የደም ግፊትን ይጨምራል፣ ሰውነት በሽታን የሚከላከልበትን አቅም ያዳክማል። እ.ኤ.አ. በ2005 የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ42 ባለትዳሮች ክንድ ላይ ጥቃቅን ቁስሎች አውጥተው ለመዳን የሚፈጀውን ጊዜ ተከታተሉ። እርስ በርስ በጥላቻ የሚነጋገሩት ጥንዶች ቁስላቸው የዳነው በሰላም ከሚነጋገሩት ፍጥነት በ60 በመቶው ያህል ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ 16 ባለትዳር ሴቶች ቀላል የኤሌክትሪክ ንዝረት እንደሚደርስባቸው ተነግሯቸው አንጎላቸው በመሣሪያ ታየ። የባላቸውን እጅ ሲይዙ ለአደጋ የሚነሳሳው የአንጎላቸው ክፍል ረገብ አለ፤ ትዳራቸው ጥሩ በሆነው ሴቶች ላይ ደግሞ ይበልጥ ረገበ።

በአገራችንም የተጠና አለ። በቡታጅራ ወደ ሁለት ሺህ በሚጠጉ ሴቶች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ጥናት የባል ማዋረድ፣ ማስፈራራትና እንቅስቃሴን ሁሉ መቆጣጠር ከሴቶች የድብርት ሕመም ጋር ያለው ግንኙነት ድብደባ ካለው ያላነሰ መሆኑን አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ ሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚለው ደግሞ አግብተው ከሚያውቁ ሴቶች 24 በመቶ ያህሉ ከባላቸው ስሜታዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል። ከአራት ቤት አንዱ ማለት ነው። «እጄን አንስቼባት አላውቅም» የሚል ባል ይህን ልብ ይበል።

አሁን ወደ ቡናው እንመለስ። ከፋ ጫካው ራሱ ቡና የሚያበቅል፣ እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ የተመዘገበ አገር ነው። በካፊኛ ቡናን «ቡኖ» ይሉታል። ቡና ሲፈላ ደግሞ ሰው ይሰበሰባል። ይቆላል፣ ይወቀጣል፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እየተባለ ሦስቴ ይቀዳል። ቢያንስ አንድ ሰዓት ይወስዳል። የትዳር አማካሪዎች «በቀን ውስጥ የምትነጋገሩበት ጊዜ መድቡ» እያሉ የሚመክሩትን አባቶቻችንና እናቶቻችን ሳይመከሩ ሠርተው አቆይተውልናል። ችግሩ ይህ ሰዓት በብዙ ቤት የባልና ሚስት አለመሆኑ ነው። ሚስት ከጎረቤቶቿ ጋር ትጠጣለች፣ ባል ከጓደኞቹ ጋር ውጭ ይጠጣል። አብረው ሲቀመጡም አንዱ በፌስቡክ፣ ሌላው በቲክቶክ ተይዟል። ጎረቤት አይጠራ ማለታችን አይደለም፤ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን አንዱ ጀበና የሁለታችሁ ቢሆን፣ ስልኩም በሌላ ክፍል ቢቀመጥ ምን ይጎዳል? ያን ሰዓት ስለ ገንዘብ አታውሩ። የገንዘቡ ወሬ ሌላ ሰዓት አያጣም።

ቡና ግን መድኃኒት ብቻ ሳይሆን የጠብ መንስኤም ሊሆን ይችላል። ቡና ውስጥ ያለው ካፌይን ከጠጣነው ከአምስት ሰዓት ያህል በኋላ እንኳ ግማሹ በሰውነታችን ውስጥ ነው። ከመግሪብ በኋላ ሦስት ስኒ ጠጥቶ እስከ እኩለ ሌሊት የሚገላበጥ ሰው ጠዋት በትንሹም በትልቁም ይቆጣል። ይህን ቁጣ ሚስት «ጠልቶኛል» ብላ ትተረጉመዋለች፤ ጉዳዩ ግን እንቅልፍ ማጣት ነው። ሌላም አለ። ቡና ከምግብ ጋር ወይም ምግብ እንደተበላ ወዲያው ሲጠጣ ሰውነት ከምግብ የሚያገኘውን ብረት ማዕድን ይቀንሳል። በደም ማነስ የምትደክም ሚስት ቶሎ ትተኛለች፣ ጨዋታ አያምራትም፣ ባሏም ፍቅሯ የቀነሰ ይመስለዋል። ስለዚህ ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ መጠጣት ይመረጣል። ነፍሰ ጡር የሆነች ደግሞ መጠኑን ትቀንስ።

በረመዳን ነገሩ ይብሳል። በቀን አራት አምስት ስኒ የለመደ ሰው በድንገት ሲያቋርጥ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ራስ ምታት፣ ድብርትና ንጭንጭ ይጀምረዋል፤ በሁለተኛው ቀን ገደማ ይበረታል፣ አንዳንዴም ሳምንት ይቆያል። በረመዳን የመጀመሪያ ቀናት አስር ሰግደን መግሪብ እስኪደርስ ባለችው ጊዜ ወጥ ቤት በር ላይ የሚነሳውን ጭቅጭቅ የማያውቅ አለ? ረሃቡም አለበት። እ.ኤ.አ. በ2014 እዚያው ኦሃዮ በ107 ባለትዳሮች ላይ የተሠራ ጥናት ያስቃል። ለእያንዳንዱ የትዳር ጓደኛውን የሚወክል አሻንጉሊትና መርፌ ተሰጠ፤ ማታ ማታ በተናደደበት መጠን እንዲወጋው ተነገረው። የደም ስኳራቸው ዝቅ ያለባቸው ብዙ መርፌ ሲወጉ ተገኙ። የተጠኑት ጾመኞች ስላልነበሩ እንዳለ ለኛ አይወሰድም፤ ነገር ግን የተራበ ሰው ቶሎ እንደሚቆጣ ያለ ጥናትም የምናውቀው ነው። ረመዳን ከመግባቱ ከአንድ ሁለት ሳምንት በፊት በየሁለትና ሦስት ቀኑ አንድ አንድ ስኒ ብትቀንሱ ራስ ምታቱ ይቀላል። ሱሑርን አትዝለሉ። ከባድ የቤት ጉዳይ ካለ ደግሞ ከኢፍጣር በፊት አታንሱት፤ ተምር ከተቀመሰና ውኃ ከተጠጣ በኋላ ያው ሰው ሌላ ሰው ሆኖ ታገኙታላችሁ።

አንዱ ወገን ዓረብ አገር የሚሠራባቸው ቤተሰቦችም አሉ። እነሱ ቡናውን አብረው ሊጠጡ አይችሉም። በስልክ የሚገናኙት «ብሩ ደረሰ ወይ?» ለመባባል ብቻ ከሆነ ግን ከዓመት በኋላ የቀረው የገንዘብ ግንኙነት ብቻ ይሆናል። ልጁ ዛሬ ምን ብሎ እንዳሳቀ፣ እዚያ ያለችውም ዛሬ ምን እንደበላች መጠያየቅ ተመሳሳይ የአየር ሰዓት ነው የሚፈጀው።

አንድ ነገር ግን በግልጽ እንለይ። እስካሁን የተናገርነው ስለ ቅዝቃዜና ስለ ኩርፊያ ነው። ድብደባ ወይም የማያቋርጥ ማስፈራራት ባለበት ቤት ሚስትን «ለጥሪው መልስ ስጪ፣ ቡና አፍዪለት» ብሎ መምከር ጉዳት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው ጥናት ቡታጅራ ውስጥ ባል ካላቸው ወይም ከነበራቸው ሴቶች 71 በመቶው በሕይወት ዘመናቸው አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ከባላቸው ደርሶባቸዋል። እዚያ ላይ ቅድሚያ የሚሰጠው ለደኅንነቷ ነው። ሽማግሌም ሆነ ኢማም ሲገባበት «ቻይው» ከማለቱ በፊት ይህን ይጠይቅ።

ሌላው የድብርት ሕመም ነው። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ቀኑን ሙሉ የሚዘልቅ ኀዘን፣ ቀድሞ ደስ ይል የነበረው ሁሉ አለማስደሰቱ፣ የእንቅልፍና የምግብ ፍላጎት መዛባት፣ ራስን ዋጋ ቢስ አድርጎ ማየት ከታየ ይህ ኩርፊያ አይደለም፤ የኢማን ድክመትም አይደለም፤ ሕክምና ያለው ሕመም ነው። ከወሊድ በኋላ በእናቶች ላይ ይታያል፤ በወንዶች ላይ ደግሞ አንዳንዴ በቁጣ መልክ ይመጣል። ሞትን የሚመኝ ወይም ራሱን ስለ ማጥፋት የሚናገር ሰው ካለ ብቻውን አትተዉት፣ በዚያው ቀን ወደ ሕክምና ውሰዱት።

ቦንጋና አካባቢዋ ያላችሁ በቅርብ ጤና ጣቢያ ወይም በገብረጻድቅ ሻዎ ሆስፒታል መጀመር ትችላላችሁ። ከዚያ በላይ ካስፈለገ የጂማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። ስትሄዱ ራስ ምታቱንና የልብ ማፈኑን ብቻ ተናግራችሁ አትመለሱ። ከመቼ ጀምሮ እንቅልፍ እንዳጣችሁ፣ በቀን ስንት ስኒ ቡና እንደምትጠጡ፣ ቤት ውስጥ ከማን ጋር መነጋገር እንዳቆማችሁም ለባለሙያው ንገሩ። ሳይጠየቅ የሚነግር ታካሚ ጥቂት ስለሆነ የጨጓራ መድኃኒት ይዞ የሚመለሰው ብዙ ነው።