የትምህርት ቤት ኮምፒውተርና የተማሪው ገመና

የደብረ ወርቅና የቢቸና የአይሲቲ መምህራን፦ አንድ ኮምፒውተር ለብዙ ተማሪ በሚዳረስበት ክፍል፣ ፌስቡክን ከመዝጋታችሁ በፊት ብሮውዘሩ የይለፍ ቃል እንዳያስቀምጥ አድርጉ። አለዚያ የአንዱ ኢሜይል ቀጥሎ ለሚቀመጠው ክፍት ሆኖ ይጠብቀዋል። በፋየርፎክስ ይህን የሚያዘው «ፖሊሲስ ዶት ጄሰን» የተባለ አንድ ፋይል ነው፤ ብሮውዘሩ ሲዘጋ ኩኪና ታሪክ እንዲጠፋም ያዛል። አንዴ አዘጋጅታችሁ በፍላሽ ወደየማሽኑ ገልብጡት። ተማሪው እንዳይነካካው የአስተዳዳሪ መብት የሌለው አካውንት ስጡት።

ስክሪን ለመከታተል ቬዮን የተባለ ሶፍትዌር አለ፤ ነፃ ነው፣ ኢንተርኔት ቢቋረጥም በክፍሉ ኔትወርክ ይሠራል። ተማሪዎቹ ግን ስክሪናቸው እንደሚታይ አስቀድመው ይወቁ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። አዋጁ ባይኖርም ልጅን በድብቅ መከታተልን አጥብቄ እቃወማለሁ፤ የሚያየው መምህሩ ብቻ፣ በክፍለ ጊዜው ብቻ ይሁን።