ልቡ የደከመ ሰው ምን ያህል ይልፋ?

ልቡ የደከመን ሰው ከአልጋ አትነሣ ማለት፣ እስከ 1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ድረስ በብዙ ሐኪሞች ዘንድ እንደ ጸና ሥርዓት ይቆጠር ነበር፤ ደም የመርጨት ኃይሉ የጎደለ ልብ ሥራ ቢበዛበት ይብስበታል ብሎ መፍራት ለማንም እውነት የሚመስል ነገር ነውና። ይሁን እንጂ ዕረፍት ያለ ልክ ሲሆን ራሱ ደዌ እንደሚሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1966 በአሜሪካ በዳላስ ከተማ አምስት ጤናማ ወጣቶች ሦስት ሳምንት ከአልጋ ሳይወርዱ እንዲቆዩ ተደርጎ የተካሄደው ምርምር ገለጠ፤ ሰውነታቸው በብርቱ ጥረት ጊዜ የሚጠቀምበት የኦክሲጅን መጠን ከሩብ በላይ ቀንሶ ተገኝቷል። መኝታ ጤናማውን ጎረምሳ እንዲህ ካደከመው፣ ሕሙሙን ለወራት ቢጫነው ምን ሊያደርገው እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

ሥር በሰደደ የልብ ድካም የተያዘ ሰው ደረጃ ሲወጣ ትንፋሹ የሚቆራረጠው ልቡ ስለ ደከመ ብቻ አይደለም፤ የጭኑና የባቱ ጡንቻ ሟሙቶ፣ የደም ሥሮቹም እንደ ቀድሞው መስፋት ተስኗቸው፣ ልብ እንደ ምንም ብሎ የላከውን ደም እንኳ በወጉ ሊጠቀሙበት ስላልቻሉ ጭምር ነው እንጂ። የአካል እንቅስቃሴ በይበልጥ የሚያድሰው እነዚህን ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ውጤቱ የታተመው፣ በአሜሪካ፣ በካናዳና በፈረንሳይ 2,331 ሕሙማንን የተከታተለው ታላቅ ጥናት፣ ሞትንና ሆስፒታል መግባትን የመቀነስ ኃይሉ ተስፋ የተጣለበትን ያህል ሆኖ ባይገኝም፣ እንቅስቃሴው በመድኃኒት ለተረጋጉ ሕሙማን የሚያሰጋ እንዳልሆነ አሳይቷል።

እንግዲህ ክርክሩ «ይንቀሳቀስ ወይስ ይተኛ» ከሚለው አልፎ «ምን ያህል ይልፋ» ወደሚለው ተሻገረ። የኖርዌይ ከተማ በሆነችው በትሮንድሄም የሚሠሩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጡት ጽሑፍ ብዙዎችን አስደነቀ፤ አማካይ ዕድሜያቸው ሰባ አምስት ዓመት የሆነ ሕሙማንን ሽቅብ ባዘነበለ የመሮጫ ማሽን ላይ አውጥተው፣ ዐሥር ደቂቃ በዝግታ ካሟሟቋቸው በኋላ፣ የልብ ምታቸው ከከፍተኛው ልክ ከ90 እስከ 95 በመቶ እስኪደርስ አራት ደቂቃ በብርቱ አስኬዷቸው፤ ቀጥሎም ሦስት ደቂቃ እንዲያዘግሙ አደረጉ፤ ብርቱውንም ጉዞ አራት ጊዜ አስደገሟቸው። ከዐሥራ ሁለት ሳምንት በኋላ የእነዚህ የኦክሲጅን አጠቃቀም በ46 በመቶ ሲጨምር፣ በመካከለኛ ልክ ሳያቋርጡ የተራመዱት ግን በ14 በመቶ ብቻ ጨመሩ። ሆኖም ሕሙማኑ በጠቅላላው 27 ብቻ ነበሩና፣ እንዲህ ያለውን ምሥራች ቸኩሎ ማወጅ ባልተገባ ነበር።

በዘጠኝ የአውሮፓ ማእከሎች 261 ሕሙማንን ይዞ እ.ኤ.አ. በ2017 ውጤቱን ያወጣው ጥናት፣ ብርቱው ልፋት ከመካከለኛው ብልጫ እንደሌለው አገኘ። እኔን ይልቁን የገረመኝ በውስጡ የተገለጠው የሰው ጠባይ ነው፤ ብርቱውን ከታዘዙት ከግማሽ የሚበልጡት ከታዘዙት በታች ሠሩ፣ መካከለኛውን ከታዘዙት ደግሞ ከመቶው ሰማንያው ከልኩ አለፉ፣ በወረቀት የተለያዩት ወገኖችም በገቢር መካከል ላይ ተገናኙ። አስተዋይ የንስሐ አባት ቀኖና ሲሰጥ የሰውየውን አቅም አይቶ ስግደቱን እንደሚወስን፣ ሐኪምም እንዲሁ ማድረግ ይገባዋል፤ የማይፈጸም ትእዛዝ ቢሰጥ ጥፋቱ የታማሚው ብቻ አይሆንም።

ልኩን ለማወቅ የልብ ምት መቁጠር የሚበጅ ይመስላል፤ ነገር ግን አብዛኞቹ ሕሙማን የሚወስዱት ቤታ ብሎከር የተባለው መድኃኒት ምቱን ስለሚገታው ቁጥሩ ሊያሳስት ይችላል። ስለዚህ ስዊድናዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ጉናር ቦርግ ያዘጋጀው፣ ከ6 ጀምሮ እስከ 20 የሚደርሰው የድካም መለኪያ ይረዳል፤ ታማሚው የሚሰማውን ድካም ራሱ በቁጥር ይናገራል፣ ከ11 እስከ 14 ያለውም ለብዙዎች ተስማሚ ነው። ቁጥር ለማይወድ ሰው፣ እየተራመደ ከጎኑ ካለው ጋር ማውጋት መቻሉ ይበቃዋል፤ ወሬውን መጨረስ ካቃተው ርምጃውን ይቀንስ።

በሀገራችን፣ በልጅነት ከጉሮሮ ሕመም ተነሥቶ ቫልቭ የሚባሉትን የልብ በሮች የሚያበላሸው የሩማቲክ ደዌ ከልብ ድካም ዋና ዋና መንሥኤዎች አንዱ ስለሆነ፣ በሩ እጅግ የጠበበበት ሰው ከላይ የተነገረውን ለራሱ ከመውሰዱ በፊት በልብ አልትራሳውንድ መታየት አለበት። ተቀምጦ ሳለ ትንፋሽ የሚያጥረው፣ እግሩ ማበጥ የጀመረ፣ ወይም ክብደቱ በሦስት ቀን ከሁለት ኪሎ በላይ የጨመረ ሰውም፣ ውኃ በሰውነቱ እየተጠራቀመ ሊሆን ይችላልና፣ የዚያን ቀን እንቅስቃሴውን ትቶ ወደ ሐኪሙ ይሂድ።