ቡቺን መጥፎ ጠባይ ያስተማረው ማን ነው?

ከ7ኛ “ለ” ክፍል፣ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል

በዚህ እትም ይዤላችሁ የቀረብኩት ስለ ቡችላ አስተዳደግና ውሾች ስለሚያመጡት አስቸጋሪ ጠባይ ነው። ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ በቤታችን የገጠመን ነገር ነው።

ባለፈው ነሐሴ መጨረሻ ላይ ጎረቤታችን ሁለት ወር የሞላው ቡችላ ሰጡን። ስሙን ቡቺ ያለው ታናሽ ወንድሜ ነው (በሰፈራችን ብቻ ሦስት ቡቺዎች አሉ፤ አንዱ ሲጠራ ሦስቱም ይመጣሉ)። መጀመሪያ ሁላችንም ወደድነው። ኅዳር ላይ ግን ግቢው ተበጠበጠ። የወንድሜን ሱሪ ነክሶ ይጎትታል፣ የእናቴን ነጠላ ከገመድ ላይ አውርዶ ቀደደው፣ ሌሊት ሌሊት ደግሞ እየጮኸ አላስተኛ አለን። አንድ ቀን ጠዋት አባዬ የተበላ ጫማውን አንጠልጥሎ ወጣና «ይሄ ውሻ እስከ ጥምቀት ካልታረመ ወስጄ ከወንዙ ማዶ እለቀዋለሁ» አለ። ወንድሜ አለቀሰ። እኔም ደነገጥኩ፤ ከወንዙ ማዶ የሚጣሉ ውሾች ምን እንደሚሆኑ ሁላችንም እናውቃለን። ይራባሉ፣ መኪና ይገጫቸዋል፣ ወይም ከባዘኑት ጋር ተቀላቅለው ሰው ያስቸግራሉ።

ስለዚህ መጠየቅ ጀመርኩ። የሳይንስ መምህራችንን ጠየቅኩ፣ ቡቺን ለክትባት ስንወስደው የእንስሳት ሐኪሟን ጠየቅኩ፣ ቀሪውን ደግሞ ደብተር ይዤ ቁጭ ብዬ ራሱን ቡቺን እያየሁ መዘገብኩ። ያገኘሁት መልስ ትንሽ ያሳፍራል። አብዛኛውን መጥፎ ጠባይ ያስተማርነው እኛው ነበርን።

ከሌሊቱ ጩኸት ልጀምር። ቡቺ ሲጮህ እናቴ «ኧረ ጎረቤት ይሰማል!» ትልና ተነስታ ቁራሽ እንጀራ ትጥልለታለች። በልቶ ዝም ይላል። እናቴ ዝም ያሰኘሁት እኔ ነኝ ብላ ታስባለች። በቡቺ በኩል ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ «ስጮህ እንጀራ ይመጣል» የሚል ትምህርት ተምሯል። በማግስቱ አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ ጀመረ። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባል የለ? የእኛው ግን የሚጮኸው ሊበላ ነበር።

መምህራችን ስለ ፓቭሎቭ የነገሩን እዚህ ላይ ነው። ኢቫን ፓቭሎቭ የሩሲያ ሳይንቲስት ነበር፤ ስለ ምግብ መፈጨት ባደረገው ምርምር በፈረንጆች 1904 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። ውሾቹ ምግብ ከመቅረቡ በፊት አንድ ድምፅ ደጋግመው ከሰሙ በኋላ፣ ምግቡ ሳይመጣ ድምፁን ብቻ ሰምተው ምራቃቸው መውረድ እንደሚጀምር አሳየ። ቤታችሁ ውሻ ካለ ይህን ለማየት ሩሲያ መሄድ አያስፈልግም። የቆርቆሮ ሳህኑን ኳ አድርጉት፤ ሳህኑ ባዶ ቢሆንም እየሮጠ ይመጣል። ውሻ ሁልጊዜ ነገር ከነገር ጋር እያያያዘ ይማራል። እኛ እናስተምር ብለን ባንነሳም እሱ ይማራል።

መፍትሔው ታዲያ ምንድነው? አዲስ ቡችላ ከእናቱና ከወንድሞቹ ተለይቶ የመጣ ስለሆነ ይበርደዋል፣ ብቸኝነትም ይሰማዋል። እኛ አሮጌ ጋቢ ጆንያ ላይ አንጥፈን ማደሪያውን ከጓሮ ወደ በሩ አጠገብ አመጣንለት፣ ከመተኛታችን በፊትም አበላነው። ከዚያ በኋላ ሲጮህ ማንም እንዳይነሳ ተስማማን። እውነቱን ልንገራችሁ፣ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሌሊቶች ባሰበት! ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሸነፋል። ድሮ ይሠራ የነበረው ዘዴ እንቢ ሲለው ጩኸቱን ይጨምራል፤ በአራተኛው ሌሊት ተሸንፋችሁ ብትሰጡት «ለካ ረዘም አድርጎ መጮህ ነው!» ብሎ ይማራል። እናቴን ይዘን አስቀረናት። በሳምንቱ ዝም አለ።

መንከሱ ደግሞ ሌላ ምክንያት አለው። ቡችላ እንደ ሰው የወተት ጥርስ ያወጣል፤ ብዛቱም 28 ነው። ከአራት እስከ ስድስት ወር አካባቢ እነዚህ እየወለቁ በ42 ቋሚ ጥርሶች ይተካሉ። በዚያ ጊዜ ድዱ ስለሚያሳክከው የግድ አንድ ነገር ማኘክ አለበት። ቡቺ የአባዬን ጫማ የበላው ልክ በዚህ ወቅት ነው። የሚታኘክ ነገር ካልሰጣችሁት ራሱ ይመርጣል፣ ምርጫው ደግሞ የእናንተ ጫማ ነው። እኛ አሮጌ ጨርቅ ቋጥረንና ወፍራም ገመድ ሰጠነው። ትልቅ የበሬ አጥንት ሳይቀቀል መስጠት ይቻላል። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ግን ተሰነጣጥቆ ጉሮሮውንና አንጀቱን ሊወጋው ስለሚችል አትስጡ። (ስለ ምግብ ካነሳሁ አይቀር፣ ሽንኩርት የበዛበት ወጥም ለውሻ ጥሩ አይደለም፤ ሽንኩርት የውሻን ደም ይጎዳል። ይህን ስነግራት አያቴ «ወይ ጉድ! ስንቱ ውሻ የእኔን ወጥ በልቶ አደገ!» ብላ ሳቀች።)

በጨዋታ ላይ እጅ ሲነክስስ? ወንድሜ የሚያደርገው መጮህና መሮጥ ነበር። ይህ ለቡችላ ጨዋታው ደመቀ ማለት ነው፤ የሚሸሽ ሱሪ የማያባርር ቡችላ የለም። ትክክለኛው ዘዴ ልክ ጥርሱ እጅ ሲነካ ጨዋታውን ማቆም ነው። ቀጥ ብሎ መቆም፣ እጅ ማጣጠፍ፣ ጀርባ መስጠት። ትንሽ ቆይቶ ሲረጋጋ ጨዋታው ይቀጥላል። ቡችሎች እርስ በርስ የሚማማሩትም እንዲሁ ነው፤ አንዱ አጥብቆ ሲነክስ ሌላው ይጮህና ትቶት ይሄዳል። በዚህ ምክንያት ቡችላን ሁለት ወር ሳይሞላው ከእናቱ መለየት ጥሩ አይደለም። በሰፈራችን አንዳንድ ልጆች ዓይኑ እንደተገለጠ አንስተው ይመጣሉ። ዓይኑ የሚገለጠው እኮ በሁለት ሳምንቱ ገደማ ነው! ያ ቡችላ ከእናቱ ምንም ሳይማር ይመጣል።

ትእዛዝ ማስተማር ከምታስቡት በላይ ቀላል ነው። «ቁጭ በል»ን እንዲህ አስተማርኩት። የሽምብራ ፍሬ የምታክል ዳቦ በጣቴ ይዤ አፍንጫው ላይ አስጠጋኋትና ቀስ እያልኩ ወደ ጭራው አቅጣጫ ከጭንቅላቱ በላይ አሳለፍኳት። ዳቦዋን ለማየት ሲያንጋጥጥ መቀመጫው በራሱ መሬት ነካ። ወዲያው «ጎበዝ!» ብዬ አጎረስኩት። ወዲያው የሚለው ቃል ላይ አስምሩበት፤ ዳቦው ከዘገየ ውሻው ለምን እንደተሸለመ አያውቅም። በቀን ሁለት ጊዜ አምስት አምስት ደቂቃ በቂ ነው። የእኛ ችግር ሌላ ነበር፤ እኔ «ቁጭ በል» እላለሁ፣ ወንድሜ «ሲት» ይላል፣ አያቴ ደግሞ «አርፈህ ተቀመጥ አንተ!» ትለዋለች። ለአንድ ነገር ሦስት ቃል ማን ይችላል? ቤተሰቡ በአንድ ቃል ከተስማማ በኋላ በአራት ቀን ገባው።

ቤት ውስጥ ሽንቱን እንዳይሸና፣ ከእንቅልፉ ሲነቃ፣ ከበላና ከተጫወተ በኋላ ቶሎ ወደ ውጭ ማውጣት፣ እዚያ ሲሸና ማመስገን ነው። በብዙ ሙስሊም ጓደኞቼ ቤት ውሻ ከግቢ አልፎ ቤት ስለማይገባ ይህ ችግር የለባቸውም። ሰው ላይ መዝለልም ቢሆን ቀላል ነው፤ አራት እግሩ መሬት እስኪረግጥ ድረስ ሰላም አለማለት።

አሁን ወደ ዱላው ልምጣ፣ ምክንያቱም ብዙዎቻችን የምናውቀው ዘዴ እሱ ነው። አባዬ አንድ ቀን ምንጣፍ ላይ የሸናውን ከሰዓታት በኋላ አይቶ ቡቺን ጠራውና «ና!» ሲለው መጣ፤ ሲመጣ መታው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቡቺ አባዬ ሲጠራው ጅራቱን ሸጉጦ ይሸሻል። ሐኪሟ እንዳስረዱኝ ውሻ ከሰዓታት በፊት ያደረገውን ከዱላው ጋር አያገናኝም። የተማረው «ሲጠሩኝ ከሄድኩ እመታለሁ» የሚለውን ነው። አንገቱን ደፍቶ የሚያየን ጥፋቱን አውቆ ይመስለናል፤ የሚያየው ግን የተቆጣ ፊታችንን ነው፣ ፈርቶ ነው። በፍርሃት ያደገ ውሻ ደግሞ አንድ ቀን መሸሻ ሲያጣ ይናከሳል። ይህን ለአባዬ መንገር ከበደኝ፤ በአያቴ በኩል አስነገርኩት።

ከዱላው የባሰው ግን ሰንሰለት ይመስለኛል። ውሻ ኃይለኛ እንዲሆን ከቡችላነቱ ጀምሮ ቀን ሙሉ አስሮ ማሳደግ የተለመደ ነው። ሚጥሚጣ አብሉት የሚሉም አሉ። ሚጥሚጣው አፉንና ሆዱን ከማቃጠል በቀር ምንም አይሠራም። ማሰሩ ግን ይሠራል፤ ክፋቱ ለሌባውም ለእንግዳውም ለባለቤቱ ልጅም እኩል መሥራቱ ነው። ቡችላ ከሦስት ሳምንት እስከ ሦስት ወር አካባቢ ባለው ዕድሜው ያየውን ሁሉ «ይህ አያስፈራም» ብሎ ይመዘግባል። በዚያ ጊዜ ልጆች፣ ዣንጥላ የያዘ ሰው፣ ብስክሌት፣ በግ ያላየ ውሻ ሲያድግ ሁሉም ጠላት ይመስለዋል። ጥሩ ጠባቂ ማለት ባለቤቱን ሰምቶ ዝም የሚልም ጭምር ነው።

ወደ ትምህርት ቤታችን በሚያመጣው መንገድ ላይ ተማሪ ሲያይ የሚያብድ የግቢ ውሻ እንዳለ ታውቃላችሁ። ስሙንም የባለቤቱንም ስም አልጠራም። አንድ ሳምንት ቆሜ አየሁት። ጠዋት ተማሪዎች በሩን በዱላ እየመቱ ያልፋሉ፣ ድንጋይ ይወረውራሉ፣ እሱ ይጮኻል፣ እነሱ ሮጠው ይሄዳሉ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ብለን እንስቃለን፤ በውሻው ሐሳብ ግን ጅቡን ያባረረው ጩኸቱ ነው። በየቀኑ ጮኸ፣ በየቀኑ ሄድን፣ በየቀኑ አሸነፈ። ዩኒፎርማችንን ጠላት ያደረግነው እኛ ነን። እኔና ሁለት ጓደኞቼ ከመንገዱ ማዶ ሆነን፣ ሳንሮጥና ሳናየው ማለፍ ከጀመርን በኋላ ለእኛ መጮሁ ቀነሰ። ለሌሎቹ አሁንም ያው ነው።

ውሻ ከግቢ ወጥቶ ወደ እናንተ ቢመጣ አትሩጡ። ዓይን ዓይኑን ሳታዩ፣ እጃችሁን ወደ ሰውነታችሁ አስጠግታችሁ እንደ ዛፍ ቁሙ፣ ፊታችሁን ሳታዞሩበት ቀስ እያላችሁ ራቁ። ቢጥላችሁ ተጠቅልላችሁ አንገታችሁንና ፊታችሁን በእጃችሁ ሸፍኑ።

ማሠልጠን የማይፈታው አንድ ነገር አለ፤ እሱም የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ለማዳ የነበረ ውሻ በድንገት ጠባዩ ከተለወጠ፣ ለሃጩ ከተዝረበረበ፣ መዋጥ ካቃተው፣ ያገኘውን ሁሉ ከነከሰ አትቅረቡ፣ ለትልቅ ሰው ተናገሩ። በሽታው በቫይረስ የሚመጣ ሲሆን በንክሻና በምራቅ ይተላለፋል፤ ድመትም ታስተላልፋለች። በባሌ ተራሮች ከሚኖሩት ቀይ ቀበሮዎቻችን ብዙዎቹ ከውሾች በመጣ በዚህ በሽታ ሞተዋል። ሰው ላይ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ከዚያ በፊት ግን መከላከል ይቻላል። ሉዊ ፓስተር በፈረንጆች 1885 ዓ.ም. በእብድ ውሻ የተነከሰውን የ9 ዓመቱን ጆሴፍ ሜይስተርን በክትባት አትርፎታል።

የተነከሰ ወይም የተቧጨረ ልጅ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውሃ ለ15 ደቂቃ ይታጠብ። ቧንቧ ከሌለ አንድ ሰው ከጀሪካን በጣሳ እየቀዳ ያፍስስለት። በርበሬም ሆነ አመድ አይነስንሱበት። ከዚያ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ። ጠበል መሄድ የሚፈልግም ታጥቦና መርፌውን ጀምሮ ይሂድ። «አባዬ ይቆጣኛል» ብላችሁ ንክሻ አትደብቁ! ውሻችሁንም ሦስት ወር ሲሞላው፣ ከዚያም የእንስሳት ሐኪሙ በሚነግራችሁ ጊዜ አስከትቡ።

ጥምቀት አለፈ። ቡቺ ግቢያችን ውስጥ ነው፤ አባዬም አሁን ሲጠራው ኪሱ ውስጥ ዳቦ ይይዛል፣ እኛ ያላየን እየመሰለው። አንድ ነገር ግን እስካሁን አልተሳካልንም። የአያቴን ዶሮዎች ማባረሩን አልተወም፤ ሲያባርራቸው እየተንጫጩ ስለሚሮጡ ጨዋታው ይደምቅለታል። ለጊዜው ዶሮዎቹ ሲለቀቁ እሱን በገመድ ይዤ፣ ዝም ብሎ ሲያያቸው ዳቦ እያጎረስኩት ነው። ከዚህ የተሻለ ዘዴ የሚያውቅ ተማሪ ወይም መምህር ካለ ጽፎ በሚኒ ሚዲያው የአስተያየት ሳጥን ውስጥ ይክተትልኝ።