ከውስጥ የሚዘንበው

በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ክረምት ሰኔ 26 ገብቶ መስከረም 25 ይወጣል። በሳይክል ሥራ ለሚመላለስ ሰው ግን ክረምት የሚገባው ከኦሎምፒያ ተነስቶ ወሎ ሰፈር ሳይደርስ የመጀመሪያው ዶፍ ሲይዘው ነው። እኔ ቤቴ ገርጂ፣ ሥራዬ ኦሎምፒያ ነው። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ የቦሌን መንገድ ሲያድስ የሳይክል መስመር ስለጨመረለት ከመኪና ጋር መጋፋቱ ቀሎልኛል። ዝናቡ ግን ያው ነው። በሐምሌና በነሐሴ ዣንጥላ የያዘው ሰው ሁሉ ከየሕንፃው በረንዳ ሥር ተጠልሎ ሲያየኝ የሚያዝንልኝ ይመስለኛል። ማዘን አያስፈልግም፤ ልብስ ማወቅ ነው የሚያስፈልገው።

ስለ ሳይክል የዝናብ ልብስ የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ ጥያቄው አንድ ነው፦ “ውሃ ያስገባል አያስገባም?” በዚህ ጥያቄ የተነሳ ስንት ገንዘብ እንደጠፋ እኔ ነኝ የማውቀው፤ የራሴም አለበትና። የመጀመሪያው ዓመት መርካቶ ሄጄ ወፍራም፣ ውስጡ ላስቲክ የተቀባ፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ ካፖርት ገዛሁ። ሻጩ “ጋሼ፣ ይሄ ውሃ የሚባል ነገር አያውቅም” አለኝ። በማግስቱ ዶፍ መጣ፤ እኔም ደስ ብሎኝ ለበስኩት። ቤት ደርሼ ሳወልቀው ሸሚዜ ከጀርባዬ ጋር ተጣብቋል፤ እጅጌው ቢጨመቅ ይንጠባጠባል። ቅዳሜ ጠዋት ካፖርቱን ጠቅልዬ ሻጩን ልጣላው ሄድኩ።

ሻጩ አልተቆጣም። አንዱን እጅጌ ጫፉ ላይ ጠምዝዞ እንደ አቁማዳ ያዘውና ከሃይላንድ ውሃ ጨመረበት። ቆመን ጠበቅን። ከጎረቤት ሱቅ ሰው መጥቶ አብሮን ቆመ። አንዲት ጠብታ አላለፈችም። ከዚያ ሻጩ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ሰው እንዳይሰማብኝ ብሎ ይመስለኛል፣ “ጋሼ፣ ይሄ የእርስዎ ላብ ነው” አለኝ።

እውነቱን ነበር። ሳይክል የሚነዳ ሰው ሰውነት ከሚያወጣው ጉልበት ፔዳሉን የሚያዞረው ከአራት አንዱ እጅ ቢሆን ነው፤ ሌላው ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ያንን ሙቀት ሰውነት የሚያስወግደው በላብ ነው፣ ጠንክሮ ለሚነዳ ሰው በሰዓት ከግማሽ ሊትር በላይ። ግማሽ ሊትር ማለት አንዲት ትንሽ ሃይላንድ ማለት ነው። እሷን ከአንገትህ በታች አፍስሰህ ላስቲክ ብትለብስበት ምን ይሆናል? ላቡ ይተናል፤ ተንኖ ግን መውጫ የለውም፤ ቀዝቃዛውን የላስቲክ ግድግዳ ሲነካ ልክ እንደ ድስት ክዳን ተመልሶ ውሃ ይሆናል። ስለዚህ በሳይክል ላይ ዝናብ ከሁለት በኩል ነው የሚመጣው። ከላይ የሚመጣውን ሁሉም ያየዋል፤ ከውስጥ የሚዘንበውን ግን ሰው “ልብሱ አፈሰሰ” ብሎ ያልፈዋል።

ችግሩ አዲስ አይደለም። ቻርልስ ማኪንቶሽ የተባለው የግላስጎው ሰው በ1823 እ.ኤ.አ. በሁለት ጨርቅ መካከል ላስቲክ አጣብቆ ውሃ የማያስገባ ልብስ ሲሠራ የለበሰው ሰው ሁሉ ያማረረው ስለ ሽታውና ስለ ላቡ ነበር። በ1969 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ቦብ ጎር ቴፍሎንን ቀስ ብሎ ሳይሆን ባንዴ ስቦ ሲዘረጋው ዓይን የማያያቸው ቀዳዳዎች የሞሉት ስስ ሽፋን አገኘ። ጎር-ቴክስ የሚባለው እሱ ነው። ቀዳዳዎቹ የውሃ ጠብታን አያሳልፉም፤ እንፋሎትን ግን ያሳልፋሉ። ነገሩ ድንቅ ነው፤ አልክድም። ሆኖም የላይኛው ጨርቅ ራሱ ውሃ ጠጥቶ ከከበደ እንፋሎቱ መውጫ ያጣል፤ ያኔ ውዱ ጃኬት ከእኔ የመርካቶ ካፖርት አይሻልም። ማስታወቂያው ይህን አይነግራችሁም።

ይህን ሁሉ ከመጽሐፍ ከመማሬ በፊት ማወቅ የሚገባኝ ሌላ ቦታ ነበር። የምሠራበት ሕንፃ የሌሊት ዘበኛ የመንዝ ሰው ናቸው። አንድ ምሽት ካፖርቴን አውልቄ ስጨምቅ አይተው “ልጄ፣ እኛ አገር ገሳ አለ፤ እንዲህ አያፍንም” አሉኝ። ገሳ ያላየ የከተማ ሰው ካለ፦ ከሣር የሚጎነጎን የእረኛ የዝናብ ልብስ ነው። መንዝ ላይ ከጓሳ ይሠራል። ያ ሣር የሚበቅልበትን የጓሳ ሜዳ የአካባቢው ሕዝብ ለዘመናት ቄሮ በሚባል ሥርዓት ሲጠብቀው ኖሯል፤ ሣሩ ለቤት ክዳንም፣ ለገመድም፣ ለገሳም ይፈለጋልና። ገሳው አናቱ ላይ ይጠበቃል፣ ወደ ታች እየሰፋ ይወርዳል፤ እረኛው ደፍቶት ሲቀመጥ ከሩቅ ትንሽ ጎጆ ይመስላል።

መምሰል ብቻ አይደለም፤ ሥራውም የጎጆ ነው። የሣር ክዳን ውሃን የሚያሸንፈው በመድፈን አይደለም። እያንዳንዱ ሣር ጠብታውን ተቀብሎ ለታችኛው ያቀብላል፣ የታችኛው ለሌላው፣ እስከ ጫፍ። በሣሮቹ መካከል አየር እንደልቡ ይገባል ይወጣል፤ የጎጆ ጭስ በክዳኑ ውስጥ ሲወጣ ያየ ሰው ይገባዋል። ገሳ የደፋ እረኛም ከታች ክፍት ነው፤ የሰውነቱ እንፋሎት መንገድ አለው። ጃፓኖችም ከገለባ የሚሠሩት ሚኖ የሚባል ልብስ ነበራቸው፤ ሐሳቡ አንድ ነው። ከገሳው ሥር ደግሞ የመንዝ ሰው ከበግ ፀጉር የተሠራ በርኖስ ይደርባል። የበግ ፀጉር የራሱን ክብደት ሲሶ የሚያህል እርጥበት ጠጥቶ እንኳ ገላ ላይ እርጥብ አይመስልም፤ ጥጥ ግን ትንሽ ሲነካው ይበርዳል። ውሃ የሚያንሸራትት ከላይ፣ የሚያሞቅ ከሥር፣ በመሃል አየር። ዛሬ ተራራ ወጪዎች “መደራረብ” እያሉ በውድ የሚማሩት ይህንኑ ነው።

“አባባ፣ ታዲያ ገሳ ለብሼ ሳይክል ልንዳ?” ብላቸው እስኪያስላቸው ሳቁ። “ነፋሱ ያነሳህና እንደ አሞራ ቦሌ ያሳርፍሃል!” ልክ ናቸው። ገሳ ለተቀመጠና ለቆመ ሰው ነው። ሳይክል ላይ ዝናቡ ከላይ ብቻ ሳይሆን ከፊትም ነው የሚመታው፤ አየሩ ዝም ቢል እንኳ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው የ20 ኪሎ ሜትር ነፋስ በደረቱ ይቀበላል። ግን ትምህርቱን ወሰድኩ፤ ከዚያ ወዲህ ጃኬት ስመርጥ መጀመሪያ የማየው ውሃው በየት እንደሚገባ ሳይሆን እንፋሎቱ በየት እንደሚወጣ ነው።

ጥሩ ጃኬት የት ይገኛል ለሚለኝ መልሴ ሰልባጅ ነው። አዲሱ ከውጭ ሲመጣ ዋጋው አይቀመስም፤ ሰልባጅ ተራ ግን የአውሮፓ ሰው ሁለት ክረምት ለብሶ የጣለው ደህና ጃኬት ይገኛል። ስሙን አትዩ፤ ገልብጡት። ስፌቱ ላይ በውስጥ በኩል ስስ ላስቲክ ተለጥፎበት እንደሆነ እዩ፤ ካልተለጠፈ በመርፌው ቀዳዳ ሁሉ ውሃ ይገባል። ውስጡ እንደ አሮጌ ቀለም እየተላጠ ከሆነ፣ ጣታችሁ ላይም ነጭ ፍርፋሪ ከቀረ፣ ሽፋኑ አልቋልና መልሱት። ብብቱ ሥር ዚፕ ካለው አትልቀቁት፤ ለእኔ ከሁሉ የሚበልጥ ነገር ያ ዚፕ ነው፤ ዝናብ የማይደርስበት፣ ሙቀት የሚወጣበት መስኮት ነው። የኋላው ከፊቱ ረዘም ማለት አለበት፤ ሳይክል ላይ ስትጎነብስ ጃኬት ወደ ላይ ይሸሻል፣ ወገብህ ይራቆታል። በመጨረሻ ጠብታ ውሃ ጣሉበት። እንደ ቆሎ ከተንከባለለ የላይኛው ጨርቅ ገና ጤነኛ ነው፤ ወዲያው ከሰረገ ደግሞ ብዙ ጊዜ በቆሻሻ ምክንያት ነውና ተስፋ አትቁረጡ፤ በለብ ያለ ውሃና በጥቂት ሳሙና ታጥቦ፣ በደንብ ተለቅልቆ፣ ከደረቀም በኋላ ስስ ጨርቅ ጣል አድርጎ በዝቅተኛ ሙቀት ሲተኮስ ብዙው ይመለሳል። በረኪና የሚያስነካውን ሰው ግን ጃኬቱን ቀምቼ ለሌላ ብሰጠው ደስ ይለኛል። ከሰል ምድጃ አጠገብ ዘርግታ የምታደርቅ ዘመድ አለችኝ፤ ስለ እሷ ባልናገር ይሻላል።

የነፋስ ልብስ ሌላ ነገር ነው፤ ጊዜውም ሌላ ነው። ክረምቱ ወጥቶ ጥቅምትና ኅዳር ሲመጣ ሰማዩ ይጠራል፣ የጠዋቱ ብርድ ግን ጣት ያደርቃል። ያኔ ውሃ የማያስገባ ጃኬት መልበስ ራስን በከንቱ ማፈን ነው። እንደ ወረቀት የሳሳ፣ ተጣጥፎ ኪስ የሚገባ የነፋስ ጃኬት ይበቃል፤ ጀርባው ወንፊት ቢሆን እንዲያውም ይመረጣል፤ ነፋሱ ከፊት ነዋ። የቱር ደ ፍራንስ ሳይክል ጋላቢዎች ተራራ ጫፍ ላይ ጋዜጣ ተቀብለው ቁልቁለቱን ሳይጀምሩ ደረታቸው ሥር ይጎሰጉሱ ነበር። እኔም ጃኬቴን የረሳሁ ቀን ሞክሬዋለሁ። አዲስ ዘመን ገጹ ሰፊ ስለሆነ አንዱ ቅጠል ደረትን ይሸፍናል፤ ሸሚዝ ላይ ቀለም የሚለቅ መሆኑን ግን ቤት ከገባሁ በኋላ ነው ያወቅኩት።

ቀሪው አጭር ነው። ልብሱ ጥቁር አይሁን፤ በዝናብ ውስጥ የመኪና መስታወት በጉም ሲሸፈን ጥቁር የለበሰ ሰው የለም ማለት ነው። ኮፍያው ከራስ ጋር አብሮ የማይዞር ከሆነ ዘወር ስትል የምታየው የኮፍያውን ውስጥ ነው፤ እንዲያ ከሆነ ገንጥሉት። ሰፊውን የላስቲክ ካባ የምትደርቡ ሰዎች፣ ከሥሩ አየር ማስገባቱ የገሳን ነገር ስለሚያስታውሰኝ እወድላችኋለሁ፤ ግን ጫፉን መሪው ላይ አስሩት፤ ካቴና ውስጥ ሲገባ አይቻለሁ። በአንድ እጅ ዣንጥላ፣ በአንድ እጅ መሪ ይዞ በወሎ ሰፈር በኩል የሚያልፈውን ወጣት ደግሞ አንድ ቀን አስቁሜ እናገረዋለሁ ብዬ ከራሴ ጋር ተማምያለሁ፤ ፍሬኑ ላይ ያለው እጅ የትኛው እንደሆነ ብቻ ይንገረኝ። ፓራፋንጎ የሌለው ሳይክል ላይ ተቀምጦ ስለ ጃኬት የሚጠይቀኝንም አልመልስለትም። የራስህ የኋላ ጎማ ጭቃውን ከሥር ሲረጭህ ጎር ምን ያድርግህ?

ጫማን በተመለከተ መፍትሔ አላገኘሁም። ቦቲ ለፔዳል ይከብዳል፤ ኮንጎ ጫማ ውሃውን ቶሎ ያፈሳል፣ ግን ተረከዝ ይበላል፤ ካልሲ ላይ ፌስታል አጥልቆ ጫማ መልበስ ለሃያ ደቂቃ ይሠራል፣ ከዚያ በኋላ ያው የካፖርቱ ታሪክ ነው። ስለዚህ ከሰኔ እስከ መስከረም ጠረጴዛዬ ሥር አንድ ጥንድ ደረቅ ጫማና ሁለት ካልሲ አስቀምጣለሁ። ሁለተኛው ካልሲ ለእኔ አይደለም። አንድ የሥራ ባልደረባዬ በቅርቡ ሳይክል ገዝቷል፤ ፓራፋንጎ ግን ገና አልገዛም።