ሲነሣ ከፍ የሚለው የቱ ነው?

ከአዴት ወጥቶ ወደ ይልማና ዴንሳ ቀበሌዎች የሚነዳ ሰው በሐምሌ የሚፈራው ዳገቱን ሳይሆን ሜዳውን ነው። ዋልካው ዝናብ ሲጠግብ አይሱዙና ትራክተር የተመላለሰበት መንገድ በሁለት በኩል ቦይ ይሠራል፤ መሐሉ ጉብ ብሎ ይቀራል። ተከታዩ መኪና ጎማው ቦዩ ውስጥ ይሰምጥና በሆዱ ጉብታው ላይ ቁጭ ይላል። ያን ጊዜ አራቱም ጎማ ቢሽከረከር ትርፉ ጭቃ መርጨት ነው። “ፊቱን ላስነሣው” የሚባለውም አብዛኛውን ጊዜ ከእንዲህ ዓይነት ቀን በኋላ ነው።

ግን ፊቱ ተነሣ ማለት ሁሉ ነገር ተነሣ ማለት አይደለም።

ገጠሩ አሳምሮ የሚያውቀውን ሃርድ ቶፕ እንይ፣ የ70ውን ላንድክሩዘር። በ1984 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ከባዱ ዓይነት ፊቱም ኋላውም ባሌስትራ ነበር፤ በ1999 የፊቱ ወደ ሞላ ተቀየረ። ባሌስትራም ሆነ ሞላ፣ ሁለቱን የፊት ጎማዎች የያዘው አንድ ወጥ አክስል ነው፤ ዲፈረንሻሉም እዚያው አክስሉ ላይ ተቀምጧል። ረዘም ያለ ሞላ ቢገባ ወይም ባሌስትራው ላይ ንጣፍ ቢጨመር ከፍ የሚሉት ሻንሲውና ቦዲው ናቸው። ዲፈረንሻሉ ከመሬት አንዲት ሚሊ ሜትር አይርቅም፤ እሱን የሚያነሣው ትልቅ ጎማ ብቻ ነው። የአዴትን ጉብታ ቀድሞ የሚነካው ደግሞ ይኸው ዲፈረንሻል ነው! ታዲያ ገንዘቡ ምን ላይ ዋለ? ትልቅ ጎማ የሚገባበት ቦታ ተገኝቷል፣ ከወንዝ መሻገሪያ ሲወጣም ፓራውልቱ አፈር አይዝቅም። ጥሩ ነገር ነው፤ ባለቤቱ የፈለገው ግን እሱን አልነበረም።

ሃይሉክስና ፕራዶ ላይ ነገሩ ይለያል። በአብዛኞቹ እያንዳንዱ የፊት ጎማ በየራሱ ብራቾ ይንጠለጠላል፤ ዲፈረንሻሉ ሻንሲው ላይ ስለታሰረ ፊቱ ሲነሣ አብሮ ይነሣል። ከ2005 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠሩ ብዙ ሃይሉክሶች ላይ ሥራው ዕቃ እንኳ አያስገዛም። በሞላ ፈንታ ቶርሽን ባር የሚባል፣ እየተጠማዘዘ ክብደት የሚሸከም የብረት ዘንግ አላቸው። መካኒኩ መኪናውን በክሪክ አንሥቶ ጎማው ሲንጠለጠል የዘንጉን የኋላ ጫፍ የያዘውን ቡሎን ያጠብቃል። ከዚያ ያወርደዋል፣ ጥቂት ነድቶ ያስተኛዋል፣ ከጎማው እምብርት እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ በሜትር ይለካል።

በነፃ ስለሆነ ይበዛበታል። ቡሎን ማጥበቅ ዘንጉን አያጠነክረውም፤ የቆመበትን ቦታ ብቻ ይቀይራል። ፊቱ በተነሣ ቁጥር ጎማው ወደ ጉድጓድ ለመውረድ የቀረለት ርቀት ያጥራል፤ ብራቾው ማቆሚያውን እየመታ ይንኳኳል። ሹፌሩ “ጠነከረ” ይላል፤ የጠነከረ ነገር የለም፣ መውረጃ አልቆበት ነው።

አዲሶቹ ሞላና ሾካቸው አንድ ላይ ነው። ከላይ 2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ስፔሰር ሲገባ ፊቱ 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይነሣል፤ ሾኩ የሚያርፈው የታችኛው ብራቾ መሐል አካባቢ ስለሆነ ጫፉ ላይ ያለው ጎማ እጥፍ ይንቀሳቀሳል። ከዚያ በላይ መሄድ አልመክርም። ወደ ፊት ጎማ ኃይል የሚያደርሰው ሴማስ ይዘቀዝቃል፣ መገጣጠሚያውን የሸፈነው ላስቲክ እየታሸ ይቀደዳል፣ ግራሶው ወጥቶ ዋልካው ይገባል። የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ያለችውን መኪና ማሰንበት ግድ ነውና ይህ ቀላል ወጪ አይደለም።

አላይመንት ሳይሠሩ መውጣት ደግሞ ጭራሽ አይሞከርም። ባለ ሞላው ሃርድ ቶፕ ሲነሣ አክስሉ ትንሽ ይዞርና መሪው ወደ መሐል መመለስ ይሰንፋል። ጭቃ ውስጥ ማንም ልብ አይለውም፤ በቡሬና በፍኖተ ሰላም መካከል አስፋልቱ ላይ በ80 ሲነዳ ግን መኪናው ይዋልላል። የፍሬን ቱቦውም ጎማው ተንጠልጥሎ እንዳይወጠር መታየት አለበት።

ብዙ ሰው የሚረሳው ጭነቱን ነው። ፒክ አፕ ባዶውን ፊቱ ዝቅ፣ ኋላው ከፍ ብሎ የሚሠራው ሲጫን ኋላው እንደሚወርድ ታስቦ ነው። “ያምርበታል” ተብሎ ፊቱ ከኋላው ጋር እኩል ከተደረገ፣ ድንችና ጤፍ የተጫነ ቀን አፍንጫው ወደ ሰማይ ያያል፤ ማታ መብራቱ የሚያበራው መንገዱን ሳይሆን ከፊት የሚመጣውን ሹፌር ዓይን ይሆናል። ስለዚህ ልኬቱ መወሰድ ያለበት መኪናው አዘውትሮ የሚጭነውን ኩንታል እንደተሸከመ ነው።