በብርጭቆ የሚገባው ስኳር

ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከጉና ተራራ የሚወርደው ብርድ ገና በማለዳው ሰውን ወደ ሻይ ቤት ይነዳዋል። ሻዩ በትንሽ ብርጭቆ፣ ሁለት ወይም ሦስት ማንኪያ ስኳር ከሥሩ ተቀምጦ ይቀርባል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ቡናው አቦል፣ ቶና፣ በረካ እየተባለ ሲቀዳ ስኳሩም በየስኒው ይከተላል። ክብደቱን ለመቀነስ የተነሣ የከተማ ነዋሪ ኬኩንና ብስኩቱን እርግፍ አድርጎ ትቶ ሚዛኑ አልወርድ ቢለው፣ ምክንያቱን መፈለግ ያለበት እዚህ ነው። በዚህ ደጋ ስኳር ይበልጡን የሚጠጣ ነገር ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ያህል ይመዝናል። በቀን አምስት ብርጭቆ ሻይ በሦስት በሦስት ማንኪያ የሚጠጣ ሰው 60 ግራም ስኳር፣ 240 ካሎሪ ያህል አገኘ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው መመሪያ ደግሞ በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚበቃው ሰው ከ50 ግራም እንዳይበልጥ፣ ቢቻልም ወደ 25 ግራም እንዲወርድ ይመክራል።

ወደ ሆድ የገባ ሁሉ ግን በእኩል አያጠግብም። እ.ኤ.አ. በ2000 በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለ15 ሰዎች በየቀኑ 450 ካሎሪ ያለው ጣፋጭ ሰጡ፤ አራት ሳምንት በከረሜላ መልክ፣ አራት ሳምንት በለስላሳ መጠጥ መልክ። ከረሜላ በበሉበት ጊዜ ሳይታወቃቸው ሌላውን ምግብ ቀነሱ። ለስላሳ በጠጡበት ጊዜ ግን ምንም አልቀነሱም፤ ክብደታቸውም ጨመረ። በፈሳሽ የገባ ጉልበት ረሃብን እምብዛም አያስታግስም። ጣፋጭ ሻይ ጠጥቶ ወዲያው ምሳ የሚቀርብለት ሰው እንጀራውን የማይቀንሰውም ለዚህ ይመስላል።

አምሮቱስ ከየት ይመጣል? የነርቭ ሳይንስ ተመራማሪው ወልፍራም ሹልትስ ጦጣዎችን ጣፋጭ ጭማቂ እያጠጣ የአንጎላቸውን ዶፓሚን አመንጪ ሕዋሳት ተከታትሎ ነበር። ሕዋሳቱ መጀመሪያ የሚነቁት ጭማቂው አፍ ሲደርስ ነበር። ጦጣዎቹ ከለመዱ በኋላ ግን የሚነቁት ጭማቂው እንደሚመጣ ለሚያበስረው ምልክት ሆነ። ለሰውም ምልክት አለው፤ የሚቆላ ቡና ሽታ፣ የማንኪያና የብርጭቆ ድምፅ፣ የአሥር ሰዓት የመሥሪያ ቤት ዕረፍት። ሰውነት ጉልበት ሳያጥረው አምሮት የሚቀሰቀስበት አንዱ መንገድ ይህ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው «አንተ ቆራጥነት ይጎድልሃል» ብሎ መውቀስ ትክክል አይደለም፤ በዓመታት የተለማመደ አንጎል ሥራውን እየሠራ ነው። አምሮቱን ግን ማብረድ ይቻላል። በእንግሊዝ ከኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጥናት፣ 15 ደቂቃ ፈጠን ብለው የተራመዱ ቸኮሌት ወዳጆች ሥራቸው ላይ ተቀምጠው የበሉት ካልተራመዱት ግማሽ ያህሉን መሆኑን አሳይቷል። ዳገት ለማይጠፋባት ደብረ ታቦር ይህ የቀረበ መድኃኒት ነው።

ከሁሉ የሚያስቆጨው፣ ረሃብን አስታግሶ ለአምሮት መንገድ የሚዘጋው ምግብ በአካባቢው ማሳ ላይ መብቀሉ ነው። የፋርጣና የጉና ገበሬ ድንችና ገብስ ያመርታል። እ.ኤ.አ. በ1995 በአውስትራሊያ የሲድኒ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እኩል ካሎሪ ያላቸውን 38 ምግቦች ለሰዎች አብልተው የትኛው ይበልጥ እንደሚያጠግብ ለኩ። አንደኛ የወጣው ቅቅል ድንች ነበር፤ ከነጭ ዳቦ ከሦስት እጥፍ በላይ አጠገበ። ገብስም የሚያስደንቅ ነገር አለው። በስዊድን የሉንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት ጥናት ሰዎች ለሦስት ቀን ከሞላ ጎደል ከገብስ ፍሬ የተሠራ ዳቦ በሉ። የመጨረሻውን ዳቦ ከበሉ ከ11 እስከ 14 ሰዓት በኋላ የደማቸው ስኳር ይበልጥ የረጋ፣ የምግብ ፍላጎታቸውም የተገታ ሆኖ ተገኘ። ምሥጢሩ ያለው ትንሹ አንጀት ሳይፈጨው አልፎ በትልቁ አንጀት ያሉ ባክቴሪያዎች በሚመገቡት የገብስ አሠር ውስጥ ነው። ፍሬው ሳይደቅ ሲበላ ስታርቹ በዝግታ ስለሚፈጭ፣ በዚህ ረገድ ንፍሮና ቆሎ ከላመ በሶ ይሻላሉ። በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የቆየ ሰውም በጣፋጭ ሻይ ከመፍታት ይልቅ የባቄላ ወይም የገብስ ንፍሮ ቢያስቀድም፣ ሻዩ ያለ ብዙ ስኳር ይበቃዋል።

ስኳር በዚህ ብዛት ወደ ኢትዮጵያ ቤት የገባው በቅርቡ ነው። የመጀመሪያው ዘመናዊ ፋብሪካ ወንጂ ላይ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። ከዚያ በፊት የደጋው ጣፋጭ ማር ነበር። ታዲያ ብዙዎች ስኳሩን በማር ሲተኩ ክብደት የሚቀንሱ ይመስላቸዋል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር 17 ግራም ያህል ስኳር አለው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ከስኳሩ ጋር አንድ ላይ ይቆጥረዋል።

ምላስ ግን ይለመዳል። በአሜሪካ የሞኔል ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተመው ጥናት፣ ከስኳር የሚያገኙትን ካሎሪ 40 በመቶ የቀነሱ ሰዎች ከሁለትና ከሦስት ወር በኋላ ያንኑ ጣፋጭ ምግብ ከቀድሞው ይበልጥ ጣፋጭ ሆኖ አገኙት። ስለዚህ በአንድ ጀምበር ከማቆም ይልቅ በየሁለት ሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ መቀነስ ይቀላል። ሻዩ በዝንጅብል፣ በቀረፋና በቅርንፉድ፣ ቡናው በጤና አዳም ሲጣፍጥ የስኳሩ ጉድለት ብዙም አይታወቅም። ብርዱ የሚሻው ሙቀት ነው፤ ሙቀቱ ደግሞ ከውኃው እንጂ ከስኳሩ አይመጣም። በእንግድነት «በሞቴ» ሲባል መከላከል ከባድ ስለሆነ፣ ከመቀዳቱ አስቀድሞ «እትዬ፣ የእኔን ስኳር ለብቻ ይስጡኝ» ማለቱ ባለቤቷንም አያስቀይም።

ይህ ሁሉ ክብደት ለበዛበት ሰው የተባለ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው ሀገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 46 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ፤ በዚያው ጥናት በሀገሪቱ ከመጠን በላይ የወፈሩ ሴቶች እ.ኤ.አ. በ2000 ከነበሩበት 3 በመቶ ወደ 8 በመቶ ደርሰዋል። በአንድ ቤት ውስጥ ሁለቱም ሊኖሩ ስለሚችሉ የአዋቂው ቁጠባ የልጁን ምግብ መንካት የለበትም። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚወስድ የስኳር ሕመምተኛም አመጋገቡን ከመለወጡ በፊት ሐኪሙን ማማከር አለበት፤ ድንገት ላብ ካጠመቀው፣ ከተንቀጠቀጠና ራሱን ካዞረው ደሙ ውስጥ ያለው ስኳር ወርዶ ሊሆን ስለሚችል፣ የዚያን ጊዜ ጣፋጭ ሻይ ወይም ለስላሳ ወዲያውኑ መጠጣት ይኖርበታል።