መልክ የማይገልጸው ዝምድና

የመልክ መመሳሰል ብቻውን የሥጋን ዝምድና እንደማያስረዳ የታወቀ ነው። ከተራራቀ አገር የመጡ ሁለት ሰዎች መንታ መስለው ይታያሉ፤ ካንድ እናት የተወለዱ ወንድማማቾች ግን ባዕድ የሚመስሉበት ጊዜ አለ። ስለዚህ በርስት ክርክር የተቀመጠ ዳኛ የትውልድ ቈጠራን ይጠይቃል እንጂ የተከራካሪዎቹን ፊት አይቶ አይፈርድም። ይህ ለሰው የሚሠራበት ደንብ፥ በባሕር ውስጥ ለሚኖረው ለኮራል ሳይሠራበት ብዙ ዘመን አልፏል።

ኮራል ሲያዩት ድንጋይ ወይም የቍጥቋጦ ቅርንጫፍ ይመስላል፤ ነገር ግን እንስሳ ነው። እያንዳንዱ ደቂቅ ፍጥረት ከባሕሩ ውሃ ኖራ እያወጣ ከበታቹ ጽዋ የመሰለ ቤት ይሠራል። በብዙ ሺሕ የሚቈጠሩትም ተያይዘው ስለሚኖሩ፥ ቤታቸው በረዥም ዘመን ተከማችቶ ታላቅ አለት ይሆናል። ይህ አለት ከባሕር ወለል ከመቶው አንድ እጅ እንኳ አይሞላም፤ ሆኖም ከባሕር ፍጥረቶች ዓይነት አንድ አራተኛው ያህል በዚያ እንደሚጠጋ ይገመታል። ሞገዱን ሰብሮ ዳርቻውን ይጠብቃል፤ ዓሣ አጥማጁንም ይመግባል።

የስዊድኑ ሊቅ ካርል ሊኔ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1758 ዓ.ም. የእንስሳትን ስያሜ በሥርዐት ካቆመ ወዲህ፥ ለኮራል ስም ሲወጣለት የኖረው ከደረቀው አጽሙ ነው። ነገር ግን አጽሙ ብቻውን የታመነ ምስክር ሊሆን አልቻለም። አንዱ ዓይነት ኮራል ብርሃንና ሞገድ በበዛበት ስፍራ አንድ መልክ፥ በጥልቁ ደግሞ ሌላ መልክ ይይዛል። በአንጻሩ ዘራቸው የተራራቀ ኮራሎች ተመሳሳይ መልክ ይዘው ይገኛሉ።

ክርክሩን ለመቍረጥ ሊቃውንቱ ከውጭው መልክ አልፈው ወደ ውስጥ ተመለከቱ። በሕያው ፍጥረት ሁሉ ሥጋ ውስጥ ዲ ኤን ኤ የሚባል፥ በአራት ፊደል ብቻ እንደ ተጻፈ መጽሐፍ የሚቈጠር ረቂቅ ነገር አለ፤ እርሱም ከወላጅ ወደ ልጅ እየተገለበጠ ይተላለፋል። መጽሐፍ የሚገለብጥ ጸሐፊ ምንም ቢጠነቀቅ አልፎ አልፎ ፊደል ይገድፋል፤ ከዚያ ቅጂ የሚገለብጡትም ግድፈቱን ይዘው ይቀጥላሉ። እንግዲህ ሁለት መጻሕፍት በብዙ ስፍራ አንድ ዓይነት ግድፈት ቢገኝባቸው፥ ካንድ አብነት እንደ ተቀዱ ይታወቃል፤ የገበታቸውና የቈዳቸው መመሳሰል ግን ይህን አያስረዳም። የኮራል መርማሪዎችም ከሥጋው ጥቂት ወስደው ፊደሉን ያነባሉ፤ የአንዱንም ከሌላው ያስተያያሉ። ካንድ አባት የወረሱት ለውጥ የበዛላቸው የቅርብ ዘመዶች መሆናቸው በዚህ ይታወቃል።

ሂሮኖቡ ፉካሚ፥ ናንሲ ኖልተንና ባልደረቦቻቸው በ2004 ዓ.ም. ያሳተሙት ምርመራ የቀድሞውን አከፋፈል አናጋ። በሁለት ቤተ ሰብ ተከፍለው የነበሩ ብዙ የአትላንቲክ ውቅያኖስ ኮራሎች፥ በፓሲፊክ ካሉት ሞክሼዎቻቸው ይልቅ እርስ በርሳቸው የሚዛመዱ ሆነው ተገኙ፤ ከፓሲፊኮቹ የተለዩትም ከ34 ሚሊዮን ዓመት በፊት እንደ ሆነ ተገመተ። ከዚህ በኋላ በ2012 ዓ.ም. ስያሜው ታረመ፤ ፋቪያ የሚለው ስም ለአትላንቲኩ ሲጸና፥ የፓሲፊኩ ዲፕሳስትሬያ ተባለ። ሆኖም አጽሙ አልተናቀም፤ በማጉያ መሣሪያ እንደ ገና ሲመረመር፥ ቀድሞ ያልተስተዋለ ረቂቅ ምልክት ተገኝቶበት የዲ ኤን ኤውን ምስክርነት ደገፈ።

ይህ ሁሉ ከንቱ የስም ክርክር የሚመስለው ሰው ቢኖር የካሪቢያንን ባሕር ይመልከት። በዚያ ከታላላቆቹ አለት ሠሪዎች አንዱ የሆነው ኮራል ብዙ ጊዜ እንደ አንድ ዓይነት ይቈጠር ነበር። በ1992 ዓ.ም. ኖልተንና ባልደረቦቻቸው በፓናማ መርምረው ሦስት ዓይነት መሆኑን አስረዱ፤ ዛሬ ኦርቢሴላ አኑላሪስ፥ ኦርቢሴላ ፋቬኦላታና ኦርቢሴላ ፍራንክሲ ይባላሉ። ሦስቱም ከሙሉ ጨረቃ በኋላ ባሉት ጥቂት ሌሊቶች ዘራቸውን ወደ ውሃው ይለቃሉ፤ ፍራንክሲ ግን ከሁለቱ በሰዓት ይቀድማል። አጽማቸው እንደ ዛፍ ግንድ የየዓመቱን ምልክት ስለሚይዝ የጥንቱ ባሕር ሙቀት ከርሱ ይነበባል፤ ነገር ግን አስተዳደጋቸው ልዩ ልዩ ስለ ሆነ፥ አንዱን በሌላው ስም ያነበበ ሰው ሙቀቱን አሳስቶ ይመዘግባል። ከዚህም የሚብሰው፥ ሦስቱን እንደ አንድ የቈጠረ ጠባቂ አንዱ እየጠፋ ሳለ ሁለቱን አይቶ ደኅና ነው ማለቱ ነው። የአሜሪካ መንግሥት በ2014 ዓ.ም. ሦስቱን በየስማቸው ለመጥፋት በሚያሰጋ ሁኔታ ላይ እንዳሉ በሕግ የመዘገባቸው፥ አስቀድሞ ተለይተው በመታወቃቸው ነው።

ነገሩ የአትላንቲክ ብቻ አይደለም። ለኢትዮጵያ ጎረቤት ከሆነው ከቀይ ባሕር አንሥቶ እስከ ፓሲፊክ ድረስ ስታይሎፎራ ፒስቲላታ በሚል አንድ ስም ሲጠራ የኖረው፥ በቤተ ሙከራም ዘወትር የሚመረመረው ኮራል፥ አራት የተራራቁ ዘሮችን የያዘ መሆኑ በ2013 ዓ.ም. በዲ ኤን ኤ ተገለጸ።

ስም ያለ ምርመራ ሲጻፍ መዝገብ ይሳሳታል፤ መዝገብ ሲሳሳትም ጥበቃው ይስታል። የባሕሩ ሙቀት እየጨመረ ኮራል በየስፍራው እየነጣ በሚሞትበት በዚህ ዘመን፥ የማይታወቅ ዘር ቢጠፋ የሚያለቅስለት እንኳ አይገኝም። ስለዚህ ጠባቂ ለሚሾምለት ነገር ሁሉ አስቀድሞ ትውልዱን አጥርቶ ማወቅ ይገባል።